አጥንት ቆጣሪ

ቁንዝላ ወደብ ላይ፥ በማለዳው ብርድ፥
ዓሣው ሲገለበጥ፥ ቢላዋው ሲሞረድ፥
ሥጋው ባሕር ዳር ሄደ፥ በበረዶ ታሽጎ፤
አባ ኮዳ ቆመ፥ ክንፉን ካባ አድርጎ፥
እንደ ደብር አለቃ ድርሻውን ፈልጎ።

ድርሻው ብዙ ነበር፦ የቀረሶ ቅርፊት፥
የአምባዛ ራስ ከነጢሙ፥ ሐሞት፥ አንጀት፥
የነጭ ዓሣ እሾህ፥ ያ የጣት ጠላት።
«ከአናቱ ነው» እያልን የዓሣን ግማት፥
እጃችንን ታጥበን ገባን ወደ ቤት።
አናቱን እዚያ የጣለው ማን እንደሆነ
የጠየቀ የለም።

ይታይሽ ጠየቀች።
ከጎኔ ቆማ የምትበልት፥
የቢላዋዋ እጀታ በላስቲክ የተጠመጠመ፥
ከኔ እኩል ሠርታ ከኔ ያነሰ የምትቀበል
(እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ፤ ዝም ብያለሁ)፥
አንድ ቀን አፉ የተቆረጠ ጄሪካን ይዛ መጣች።
«ምን ልታደርጊው ነው?»
«አጥንት ልቆጥር።»

ሳቅን። እዚህ አገር አጥንት የሚቆጠር፥
ለጋብቻ ጊዜ፥ ዘር ሲመረመር፥
አያት ከነቅድመ አያት ሰባት ቤት ሲወርድ፥
ሽማግሌ ለብሶ፥ በሬ ሲታረድ።
እሷን «ዓሣ በላች» ብለው ያለፏት፥
የራሳቸው ጠርቶ አጥንቷን የናቁት፥
ያን ዕለት አብረውን ሳቁ።

መጀመሪያ ጓሮ ቀበረችው፤ ጅብ አወጣው።
ቀጥሎ ጣራ ላይ አሰጣችው፤
የመንደሩ ድመት ሁሉ ቆርቆሮው ላይ አደረ።
በሦስተኛው ቀቀለች፤ ስቡን ለሳሙና ገፈፈች፤
እሾሁን አድርቃ ወፍጮ ቤት ተሸከመች።
ጋሽ ጥጋቡ በሩ ላይ ቆመ፦
«በሁዳዴ የሰው ዱቄት ዓሣ ዓሣ ቢሸት፥
ንስሐው የማን ነው?»

ንስሐውን ቤቷ ወቀጠችው፥ ሌሊት።
ሙቀጫው ግድግዳዬን አልፎ ደረቴ ውስጥ ይመታል፤
ዱም፥ ዱም፥ ዱም።
በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፥
ተነሥቼ ሁለተኛውን ዘነዘና ያዝኩ።
ምንም አላለችኝ። ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው ነበር፤
የወጣው እንቁላል ነው።
ዐሥራ አንድ ዶሮ፥ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ።
(የመጀመሪያው ሳምንት አስኳሉ ዓሣ ዓሣ ይል ነበር፤
እጇ በዝቶ ነው፤ ቀነሰች።)
አንጀቱ ከአመድ፥ ከእምቦጭ ጋር ተደርቦ፥
ሐይቁን ያስለቀሰው አረም ከግማቱ ጋር ተጋብቶ፥
ሦስት ወር ጉድጓድ ተኛ፥ ድንጋይ ተጭኖበት፥
ጥቁር አፈር ሆነ፥ ጅብም ረሳው።
በቆሎዋ ከበቆሎዬ በአንድ ክንድ በለጠ።
የቀበሌው ሰው ለግማት ሊቀጣት መጣ፤
ግቢውን ዞረ፤ አሸተተ፤ አጣ፤
ስድስት እንቁላል በዱቤ ይዞ ወጣ።
ዱቤው እስከ ዛሬ አለ።

እኛ ጎጃሞች ነን፥ ቅኔ ስንቆጥር አድረን፥
ሰምና ወርቅ ለይተን አዋቂ የተባልን፤
ሰሙ በበረዶ ታሽጎ ሲሄድ፥
ወርቁን ለአሞራ ስንበትን ኖርን።

አባ ኮዳ ዛሬም ከዳርቻው አልጠፋ፤
ድርሻው ስለቀነሰ ጀርባውን ሰጥቶናል።
ይታይሽም ለቢላዋዋ ያው ከኔ ያነሰ ትቀበላለች፤
ቅዳሜ ለአለቃችን ልናገር ነው። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ብዬ ነበር።

ትናንት ልጇ አዝመራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፥
በአዲስ ደብተር ላይ ጣቷን እያስኬደች፥
እንደ ሽማግሌ ድምፅዋን አወፍራ አጥንት ትቆጥራለች፦
«ደብተር የእንቁላል ልጅ፥
እንቁላል የዶሮ፥
ዶሮ የዱቄት፥
ዱቄት የእሾህ፥
እሾህ የቀረሶ፥
ቀረሶ የጣና።»
«ስድስት ነው» አልኳት። «ሰባት ቤት አልሞላም።»
ቀና ብላ አየችኝ፤
«ቆይ እንጂ» አለች፥ «ገና እየቆጠርኩ ነው።»