መብራቱ ነው እንጂ

ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ በቆርቆሮው ጥላ፣
የሐዋሳ ፀሐይ ሱቄን ሙቀት ሲሞላ፣
አባ ኮዳ ከላይ ጣሪያው ላይ ሲራመድ፣
ሞኒተሬ ጠፋ፣ ስጽፍ የመሬት ክስ፣ ዘመድ በዘመድ።

"ጠፋ" ስል እንግዲህ፣ ሙሉ አይደለም ነገሩ፤
ቁልፉን ስጫነው ብልጭ ይላል መስመሩ፣
"ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው አመልካች…"
እዚያው ላይ ድርግም።
የቀረኝ ጥቁር መስታወት፣
በመስታወቱ ላይ የእኔው ላብ ያጠበው ፊት።
ግርጌው ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ግን
እንደበራች አለች፣ ልክ ደህና እንደሆንን።

ገመዱን ነቀልኩት፣ ደግሜ ሰካሁት፣
ሶኬት ቀየርኩለት፣ በሌላ ሞከርኩት፣
ጀርባውን በመዳፌ ደጋግሜ መታሁት።
(ይህን ያልመከረኝ የለም፤
ሠርቶለት ያየሁት ግን የለም።)
ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው እልፍነሽ "ስታቢላይዘር ግዢ" አለች፤
የባጃጁ ሹፌር ደጅ ላይ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣
"ሸኚው እሱን፣ ዕድሜው ነው፤ አይከሰስም ሬሳ።"

አቶ ሀሜሶ ግን ምንም አላሉም።
ፋይላቸውን አቅፈው ከበርጩማው አልተነሡም።
የይግባኙ ቀን ዛሬ ያበቃል፣
መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፣
ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ፣
ሴቭ አላደረግሁም።
ይህን ለእርሳቸው በምን ቋንቋ ልንገር፣
ተጽፎ ያልተጻፈ፣ አለ የሚሉት የሌለ ነገር?

ሚፍታ ተደውሎለት መጣ፣ ካቻቢቴ ከኪሱ ወጥቶ ሲታይ፤
"ኮምፒውተሩን እንዳትነኪ!" አለኝ ገና ከበር፤
"እሱ ጤነኛ ነው፣ ስሚው፣ ይተነፍሳል።"
እውነትም ከጠረጴዛው ሥር ማራገቢያው ያጉረመርም ነበር።

የስልኩን ባትሪ አበራ፣
አጋድሞ፣ ከጎን፣ ወደ ጥቁሩ መስታወት አስጠጋ።
ከጨለማው ውስጥ፣ ኩሬ ሥር እንዳለ ጠጠር፣
ፊደሎቼ ነበሩ፤ ደብዝዘው፣ ግን በመስመር።
"አየሽ? ስክሪኑ አልሞተም።
ከኋላ የሚያበራለት ነው የከዳው፤
መብራቱ ነው እንጂ ነገሩ አልጠፋም።"

ሴቭ።
ከዚያ አቶ ሀሜሶ ተነሡ፣ ስልኩን ተቀበሉ፣
"እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ጻፊ" አሉ።
ፊደል አልቆጠሩም፣ ራሳቸው ነግረውኛል፤
ሌሊት በቆሎ የጠበቀ እጅ ግን ባትሪ መያዝ ያውቃል።
"ወደ ግራ" ስል ወደ ግራ፣ "ዝቅ" ስል ዝቅ፣
ክቧ ብርሃን ቃል በቃል ስትራመድ፣ ስትጠብቅ።

"አሁን መብራቱ ያለበት፣ ምን ይላል?"
"ድንበሩም በምሥራቅ በኩል ከዋርካው ዛፍ…"
"ቆይ።"
ብርሃኑ ቆመ።
"ዋርካ አላልኩሽም፣ ልጄ። ዋንዛ።
ዋርካው የአጎቴ ልጅ ድርሻ ነው፤ ዋንዛው ነው የእኔ።"

ሦስት ገጽ ሙሉ፣ በፈጣኑ እጄ፣
ዋርካ ብዬ ነበር።
"ከዋርካው እስከ ዋንዛው ስንት ይሆናል?"
"አርባ እርምጃ" አሉኝ። "ለልጅ፣ አንድ ሩጫ።"

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ፕሪንተሩ ጨረሰ።
አውራ ጣታቸውን ከቀለሙ ነክረው አሳረፉ፣
ወረቀቱን ኮታቸው ውስጥ ሸሽገው አስፋልቱን አለፉ፣
በጠራራ ፀሐይ፣
የሚፍታ ስልክ በእጃቸው፣ ባትሪው እንደበራ።
ሚፍታ እየሳቀ ከኋላቸው ሮጠ።

ማታ ጀርባው ተከፈተ። ሦስት ካፓሲተር፣ እንደ መዥገር ያበጠ፣
ከሥሩ የሐይቁ ትንኝ፣ ስንት ማታ
ብርሃን ብሎ መጥቶ እዚያው የቀረ፣
እፍኝ ሙሉ፣ እንደ አመድ የላመ።
ሚፍታ ነቀለ፣ ለወጠ፣
የብየዳው ጭስ ዓይናችንን ቆጠቆጠ።

ዛሬ ደህና ነው። ገጹ በአንዴ ይታያል፣
ጣቴም እንደ ድሮው ይሮጣል።
አቶ ሀሜሶ አልተመለሱም፤ ምን ተፈረደ፣ አላውቅም።
አንዳንዴ ግን የማላውቀውን ሰው ድንበር ስጽፍ፣
በሙሉ ብርሃን፣
ዋርካ ልበል ዋንዛ፣
"ቆይ" የሚለኝ የለም።