ቀሪ ሁለት ብር

ደብረ ሲና ላይ ጉም ሳይፈቀድለት ይገባል፤
በሩን ገፋ ሲያደርግ ደንበኛ ይመስላል።
ስካነሩን በፎጣ ሸፍኜ
እስኪወጣ እጠብቃለሁ፣ ዘበኛው እኔ ሆኜ።

ጋሽ ጥላዬ ሲሞት
ፎቶ ቤቱን ለመድኃኒት መደብር አከራዩት፤
ከባንኮኒው ሥር ግን ቀርቶ ነበር
አሥራ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ኔጋቲቭ፣ አንድ ደብተር፦
ስም፣ ቀን፣ ቀብድ፣ ቀሪ፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ የዕዳ ዘካሪ።
ልጁ፣ «ወስደህ ጣልልኝ» አለኝ፣ ቁልፍ እየቆጠረ።
ጣልኩት። እቤቴ ነው የጣልኩት፤ እዚያው አደረ።

ሁሉም ቀብድ የሰጠ ነው፣ ለቀሪው ያልመጣ፣
መንገድ ይሁን ሞት ያስቀረው፣ ወሬው ያልወጣ።

ኔጋቲቭ ላይ የሰው ጠጉሩ ነጭ ነው፣ ጥርሱ ጥቁር፤
ጎረምሳው ሸብቶ ይታያል፣ ገና ሪዙ ሳይጀምር፤
ሙሽራዋም ለሠርጓ ከል ለብሳለች።
ፊልሙ ቀድሞ ያውቅ ነበር ልበል?
ወይስ ዓለም እንዲህ ነች?

ማታ ማታ፣ መብራት ከኖረ፣
የስካነሩ ብርሃን ከዳር ዳር እየተሻገረ፣
ከጣርማ በር ዋሻ እንደሚወጣ የጭነት መኪና
ጉሙን እየሰነጠቀ ሲመጣ በጥሞና፣
ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ፣ ፊት ይሆናል።
ያኔ ኮምፒውተሩ «ስም?» ይላል።
ያለ ስም አላስቀምጥም ብሎ ባዶ ሳጥን ይከፍታል።

«ያልታወቀ አንድ»፣ «ያልታወቀ ሁለት» እያልኩ ጻፍኩ፤
ስልሳ ሦስተኛው ላይ ግን አፈርኩ።
ወንዶቹ የለበሱት አንድ ኮት ነው፣ የጋሽ ጥላዬ፤
ግራ እጅጌው ቁልፍ የለውም፤ ለብሶታል አባዬ።
ከኋላቸው ባሕር አለ፣ ባሕር ያላየ ሰው የሣለው፣
ዓሣው ጆሮ ያለው።
እነዚህን ነው «ያልታወቀ» የምለው?

በገበያ ቀን ታብሌት ይዤ ወረድኩ፣
ከቆሎ ሻጮቹ ጎን ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።
«ይሄ የወፍጮ ቤቱ ማሙሸት!»
«ውሸት!
ማሙሸት ግራኝ ነበር፤ ይሄ ስልኩን የያዘው በቀኝ ነው።»
ሁለቱንም ጻፍኩ፤ መዝገብ ምን ዳኝነት አለው?
ማታ ቤት ገብቼ ባየው
ፊልሙን ገልብጬው ኖሯል፤ ግራኝ ነው ሰውየው።

ከአርማንያ የወረዱት እትዬ አሰገደች ግን
መቶ አሥራ ሰባት ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ።
ጣታቸው ቢነካው ፊቱ ገዘፈ፤
ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ።
«አመመው እንዴ?» አሉ።

ሸዋቀና። ታናሽ ወንድማቸው።
ፎቶውን በተነሣ ማግስት ነው መኪና የጫነው።
«ስመለስ አወጣዋለሁ» ብሎ ነበር።
ደብተሩን ገለጥኩ፦ ሸዋቀና። ሚያዝያ ሰባት።
ቀብድ አንድ። ቀሪ ሁለት።

ከመቀነታቸው ጫፍ ሁለት ሳንቲም ፈቱ፣
ባለ አንድ ብር፣ በገላቸው ሙቀት የሞቁ።
ፎቶውን ስጠኝ አላሉም። አላለቀሱም።
«ልጄ፣ ዕዳ አለበት ብለህ እንዳትጽፍ» አሉና
ጨው ሊገዙ ሄዱ።

ፎርሙ ላይ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ቦታ አለ፤
«ዕዳ» የሚል ሳጥን ግን የለ።
«ማስታወሻ» ከሚለው ሥር እንዲህ አልኩት፦
«ቀሪው ተከፍሏል። ከፋይ፦ እኅት።»
ሦስት ቦታም አስቀመጥኩት፣
አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይገኛል በማለት።

ሳንቲሞቹ ግን አሁንም ከስካነሩ ጎን አሉ፤
ለማን እንደማስረክባቸው አላወቅኩም።
ጉም ሲገባ ያልባቸዋል።