ልክ

«ጥርስህን ነክሰህ ቻል» አሉኝ ጎረቤቶች፣
ቶርኖዬን ጭነው ሲሄዱ የክፉ ቀን ሰዎች፤
ባዶ ወለል ቀረኝ፣ አራት የብሎን ጉድጓድ፤
ነከስኩ፤ በእንቅልፌም ሳይቀር፣ ሳልወድ፣ በግድ።

ከርሞ ከርሞ በኋላ፣ የይመር ልጅ ሰርግ ላይ፣
ሽምብራ ስቆረጥም ቀጭ አለኝ እንደ ድንጋይ፤
መዳፌ ላይ ተፍቼ ወደ መብራት ሳይ
የራሴ ነው ለካ፤ የቀኝ መንጋጋዬ፣
ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ዝገት የበላው እንደ ጥንት ዕቃዬ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በግራ ብቻ በላሁ፣
ጥሬውን ተውኩና ፍትፍት ለመድሁ፤
ሰው ሲያጫውተኝ በከንፈሬ ሳቅሁ፣
ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ባንድ እግሬ ቆምሁ።

«ይነቀል» ይላል ያየኝ ሰው ሁሉ፣
«ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ
ሠርቶልሃል፣ ይበቃዋል» ይላሉ።
እኔ ግን የቶርኖ ሰው ነኝ፤
አንድ ጥርስ ቢሰበር ማርሹን መጣል አይሆንልኝ።
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስንቱን ልኮልኛል፣
በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ ረግፎ ይመጣል፤
በብየዳ ሞልቼ፣ በሞረድ ስስለው፣ ተመልሶ ይዞራል።

ሐረጎን ወጣሁት በሚኒባስ፣ በጉም፤
ሾፌሩ ጥሩንባ እንጂ መንገድ አይታየውም።
ፒያሳ ወርጄ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ዶክተር ሲቲና አለች፤ ልጄን ታህላለች፤ አፌን ከፍታ ስታይ
ዝም አለች መጀመሪያ፣ ሞተር እንደሚያዳምጥ ሰው።
«ሥሩ ደህና ነው» አለች፣ «አይነቀልም፣ አባባ።
ግድግዳው ሳስቷል እንጂ፤ ተራ ሙሌት ብናስገባ
ነገ ይሰነጠቃል። በልክዎ ይሠራል፤
ለእርስዎ የሆነው ለወንድምዎ እንኳ አይሆንም፤
ይጠባል፣ ወይ ይሰፋል።»

ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ።
ማደንዘዣ ወጋችኝ፤ ከንፈሬን አጣሁ፤
መሰርሰሪያዋ ሲያፏጭ የድሮ ሙያዬን ሰማሁ።
የበሰበሰውን ፍቃ ፍቃ ደህናው ጋ ስትደርስ
ቆመች። እኔም እዚያው ነበር የምቆመው፣ ብረት ሳድስ።
ሮዝ ሊጥ አቡክታ አጎረሰችኝ፤ ናና ናና ይላል፤
«ነክሰው ይቆዩ» አለች። መንከስስ ማን እንደኔ ያውቃል?

ሊጡ ሲወጣ አየሁት፤ የአፌ ጉድለት ተቀርጾ፣
ጉድጓዱ ጉብታ ሆኖ፣ ሁሉም ተገልብጦ፤
እኔም ነሐስ ሳፈስ በአሸዋ፣ እንዲህ ነበር መልኩ።

ሳምንቱ ሲሞላ መጣሁ። ከጀሶ ጥርሴ ላይ
የሽምብራ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ተቀምጣ ሳይ
ሳቄ መጣ፤ የሰበረኝም ሽምብራ፣ የሚጠግነኝም ሽምብራ መሳይ።

አስቀመጠችው። ቀጥላም ሰማያዊ ወረቀት
«ነከስ ነከስ ያድርጉ» ብላ ከጥርሴ መሃል ስታስገባት
ልቤ ቀጥ አለ።
ሰማያዊ! እኔ እኮ ማርሽ ከማርሽ ሳገናኝ
ሰማያዊ ቀለም ነበር የምቀባው፣ የት እንደሚነካ እንዲያሳየኝ፤
ቀለሙ ባረፈበት ፀጉር የምታህል ሳነሳ፣ ደግሜ ስለካ፣ ሳነሳ፣
ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት፣ የሞተ የመሰለኝ እጄ ጭኔ ላይ ተነሳ።
«ከወደ ኋላ ፀጉር የምታህል ቀርታለች» አልኳት፣ አፌ ምራቅ ሞልቶ።
ወረቀቷን አየች። እኔን አየች።
«የት ተማሩ?» አለች።
«ቶርኖ ቤት።»
ፀጉር የምታህል አነሳች።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤ ልብ እያዘነ ይስቃል፤
የኔው ደግሞ እውነተኛ ባዳ፣ ከዘመዶቹ መሃል ገብቶ ቆሟል።
ምላሴ ግን አላመነም፤ ጉድጓዱን እየዞረ
ይፈልጋል፣ ቁልፍ እንደጣለ ሰው ኪሱን እየመረመረ።
ቶርኖዬ አልተመለሰም። ጉሙም ሐረጎ ላይ ቀረ።

ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ቆሎ ዘረጋችልኝ፤
አንዲት ፍሬ ወሰድኩ፤
በልማዷ ወደ ግራ ስትሄድ
ወደ ቀኝ መለስኳት።
ቀጭ።
ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።
የተሰበረችው እሷ ናት።