ከመርከብ ወደ መርከብ

ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከዋርዱ መስኮት፣
የፉጀይራ ባሕር ይታያል፣ መርከብ ሞልቶበት፤
ነዳጅ ጭነው ቆመው፣ ዋጋ የሚጠብቁ፣
ሲረክስ የሚያንቀላፉ፣ ሲወደድ የሚነቁ።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መስኮት አየሁ፣
የስንቱን ደም ቀዳሁ፣ የስንቱን ቁስል አጠብሁ፣
የራሴን ትኩሳት ግን ሳልለካ ቆየሁ።

ዛሬ ሚስተር ኩርየን፣ የጡረታ ክፍሉ፣
አንድ ቅጽ ዘረጋ፣ ከነማህተሙ በሙሉ፦
«ሲስተር የውብዳር፣ ስድስት ወር ነው የቀረው፤
ቁጠባሽ ሦስት በር አለው፤
ጥሬውን መውሰድ፣ እዚሁ መተው፣
ወይ ወደ ሌላ ቋት ማዛወር ነው።
ስጋትሽስ? ዝቅ ያለ? መካከለኛ? ከፍ ያለ?»
ሳቄ መጣ፤ ሰው ስጋቱን ይመርጣል?
እንደ ወጥ፣ «ቀይ ነው አልጫ?» እየተባለ?
ስጋት መች ጠየቀኝ፣ ስመጣ በሌሊት፣
በተውሶ ሻንጣ፣ በብድር ቲኬት።

ስህተቴን አውቃለሁ። በዚያ በኮሮና ዓመት፣
ስልኬ ላይ ያለው መስመር ቀልቶ ሲወርድበት፣
ሁለት ሬሳ ሸኝቼ ከዋርድ የወጣሁ ለት፣
«ሁሉም ወደ ዝቅተኛው» ብዬ በላብ ጣቴ ነካሁት።
ቁልቁለቱን ወረድሁ፣ አቀበቱ ሲጀመር ቀረሁ፤
የአንድ ሌሊት ፍርሃት፣ በአሥራ አንድ ወር ደሞዝ ገዛሁ።

ሰዓዳ ደግሞ፣ የማዋለጃ ነርሷ፣ የከሚሴዋ ልጅ፣
ጥሬውን ተቀበለች፣ ሙሉውን በእጅ።
ወንድሟ ሲኖትራክ ገዛ፣ አሸዋ ሊጭንበት፤
ዛሬ ቆሟል አሉ፣ ጎማው ተሸጦበት፣
ጋቢናው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት።
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ሰው፤
በሲኖትራክ የሄደውስ፣ የት ደረሰ ልበለው?

እኔም እጄን አውቀዋለሁ፤ ወንፊት ነው።
ለእህቴ የቤት ኪራይ፣ ለአጎቴ ኩላሊት፣
ለደብሩ ቆርቆሮ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣
ለማላውቀው ዘመድ፣ ለሠርጉ ድንኳን መትከያ፤
የሐዋላው ደረሰኝ ሦስት የጫማ ካርቶን ሞልቶ
አልጋዬ ሥር ተኝቷል።

አልጋ ዘጠኝ ላይ ያለው፣ እግሩ የተሰበረ መርከበኛ፣
«አየሽ እነዚያን ሁለቱን?» አለኝ፣ «አንዱም አልተኛ።
ነዳጅ እያዛወሩ ነው። የሰው እጅ የለበትም፤
ካንዱ ሆድ ወዳንዱ ሆድ ነው፣ ባሕሩ አይቀምሰውም።
ብቻ አንድ ሰው ይቆማል፣ ቱቦው አፍ ላይ፣ እስኪነጋ፣
ማዕበል ሲጠና ይቀንሳል፣ ሲረጋ ይለቃል፣
ሳይደነግጥ፣ ሳይዘነጋ።»

ጠዋት ኩርየን ዘንድ ሄድሁ። «አዛውረው» አልሁት፤
«በእጄ እንዳታሳልፈው፤ ካንዱ ቋት ወዳንዱ ቋት።
ከአሥሩ ሰባቱ ይረጋ፣ ወደብ ውስጥ ይተኛ፤
ሦስቱ ግን ባሕር ይውጣ፤
የኑሮ ዋጋም እኮ ወደብ ገብቶ አልተኛ።
በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ዳር መልሰው፤
ቀይ መስመር አይቼ በሌሊት ብደውልልህ፣ ስልኩን አታንሳው።»

«ተቀባይ» የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመ።
አንዲት አሮጊት ታየችኝ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣
ፋርማሲ ደጃፍ መልስ የምትቆጥር፣ ገና ያልተዋወቅኋት፣
ካርቶኖቹ ውስጥ ስሟ የሌለ፣ ማንም ያልላከላት።
ስሟን ጻፍሁ። የራሴው ስም ነበር፤
ፊደሉ ግን አዲስ ሆነብኝ።

ማታ ታናሽ ወንድሜ ደወለ፣ ከወልድያ።
«ስንት ሰጡሽ?»
«ተዛወረ።»
«ወዴት?»
«ወደ አንዲት አሮጊት።»
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ የባጃጅ ጥሩንባ አለፈ።
«እናውቃታለን?» አለኝ።

ከመስኮቱ ማዶ አንዱ መርከብ
እየቀለለ ከውሃው ይነሳ ነበር፣
ሌላው እየከበደ፣ በቀስታ፣ ይጠልቅ ነበር።