ምንም ያልሆነበት ሰኞ

መብራት ሄዷል ዛሬም። ከታቦር ሥር ቤቴ፣
ስልኬን እንደ ኩራዝ ሰቅዬ ካናቴ፣
ደብተሬን ገልጬ እሸመድዳለሁ፤
"የአደጋ ምንጭ ሌላ፣ ስጋት ሌላ" እላለሁ።
ምንጩ ሽቦው ነው፣ ልጡ የተገፈፈ፤
ስጋት ርጥብ እጅ ነው፣ ወደዚያ ያለፈ።
ይኼ እንኳን ገብቶኛል።
ዱካሞ ግን የት ነው? በየትኛው ተራ?
በየትኛው ገጽ ነው ያ ሰው የሚጠራ?

ጨርቅ መቁረጫው ላይ ከጎኔ ነበረ፤
ሁለት ጣቱን ትቶ ወደ ቤቱ ዞረ።
የብረት ጓንት ነበር፤ ሣጥን ተቆልፎበት፤
ቁልፍ ያዡ ዲላ ሄዷል፣ የአክስቱ ልጅ ሞቶበት።
በማግስቱ ከግድግዳው ወረቀት ተለጠፈ፤
"ጥንቃቄ ለራስ ነው" በቀይ የተጻፈ።
ቅጽም መጣ፤ "የአደጋው መንስኤ" ከሚል ክፍት ቦታ
አለቃዬ ሞላበት፦ "የሠራተኛው ቸልታ።"
ከሥሩ "ምስክር" ይላል።
ፈረምኩ።
ለዚያች ፊርማ ነው ይኼ ሁሉ ማታ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የሐይቁ ነፋስ ሳይነሣ፣
በባጃጅ እሄዳለሁ እስከ ፒያሳ።
ሃያ አንድ ሰልጣኝ ነን፣ ወንበሩ አሥራ ስምንት፤ የዘገየ ግድግዳ ይደገፋል፤
ስለ አቀማመጥ ጤና ያን ቀን ትምህርት ይሰጣል።
መምህራችን አቶ ሱልጣን፣ ከስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣
ሲጠየቅ ቀኝ ጆሮውን ነው ወደኛ የሚያመጣ።
"ስለ ድምፅ ጉዳት" አለን፣ "ማስተማሪያ አላዘጋጀሁም።
እዩኝ፤ ግራው አይሰማም።"

ከዚያ መሰላል ሣለ።
"ከላይ ምንጩን መንቀል፤
ካልሆነ መተካት፤ ካልሆነ መከለል፤
ደንብ ከዚያ በታች፤
ጓንት ግን" አለና ጠመኔውን ወረወረ፣
"ጓንት የመጨረሻው ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይሆን ከቀረ።"
"እኛ ጋ የመጀመሪያ ነው፤ እሱም በቁልፍ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።
ክፍሉ ሳቀ።
እሱ ቀኙን አዞረ፤ "ምን አልሽ? ድገሚው፣ እህትዬ።"
መድገም አቃተኝ።

ፈተናው ሰማንያ ጥያቄ። አርባ ሁለተኛው ላይ ቆምኩ፦
አደጋ ሲጣራ ምን ይቀድማል? "ማን አጠፋ" ይላል ሀ፤ አለፍኩ።
ሐ ይላል፦ ሥርዓቱ የቱ ጋ ላላ?
አከበብኩት፣ እርሳሱ እስኪሰበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ።

ሰርተፍኬቱ መጣ፤ የወርቅ ቀለም ጠርዝ አለው፤
"ብርቱካን ሌዳሞ" ይላል፤ ስሜን ማንም አላጣመመው።
ከታች በደቃቅ ፊደል፦ "የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት።"
ለካ እውቀትም ቀን አለው፣ እንደ እሳት ማጥፊያ፣ እንደ ጣሳ ወተት።
እናቴ በስልክ "ስንት ጨመሩልሽ?" አለች።
"ሰደርያ" አልኳት፣ "ቢጫ።" እስኪያስላት ሳቀች።

ሰኞ። የአደጋ ጊዜ መውጫው በር ላይ አርባ ሦስት ካርቶን ተደርድሯል።
ኃላፊው "ነገ" አለ፤ "ዛሬ መኪና ቆሟል።"
"እሳቱንስ ለነገ ማን ቀጠረልን?" ብዬ
ጀመርኩ ለብቻዬ።
አንድ። ሁለት።
ሰባተኛው ላይ ከወዲያ ጫፍ እጅ መጣ፣
ባለ ሦስት ጣት።
ዱካሞ አሁን ማሸጊያ ክፍል ነው። "ከባድ ነው፣ ተይው" አለኝ።
ስለ ፊርማው ልነግረው አፌ ላይ ደረሰ፤ ምላሴ ያዘኝ።
ያ ጥያቄ ፈተናው ውስጥ አልነበረም።

ማታ መዝገቡ ላይ፦ "በሩ ተከፍቷል። ዛሬ ምንም አልሆነም።"
ማንም አያጨበጭብም ላልሆነ ነገር።
ቀን። ሰዓት። ስም።
እጄ "ፊርማ" ከሚለው ሣጥን በላይ ትንሽ ቆሞ ነበር።