ከባሕር በታች ያለ ተራራ

ቤታችን ያለበት ከባሕር በታች ነው፣
ሦስት ሜትር ተኩል። ግድቡ ባይዘው
ዓሣ ነበር ዛሬ መስኮት የሚያንኳኳው።
አገሩ ፍሪስላንድ ነው፣ ቁልቁለት የሌለው፣
ኳስ ሜዳ ላይ ቢረሳ እዚያው ነው የሚያድረው።
የእኔ ሥራ ፓምፕ ነው፤ ሌት ተቀን ውሃውን
ከቦይ ወደ ባሕር መመለስ፣ ለባለቤቱ ድርሻውን።

ሚስቴ ፍራውክዬ ግን፣ እዚሁ ዝቅታ ላይ፣
ተራራ ላይ ታድራለች። ከአልጋችን በላይ
የላስቲክ ድንኳን አለ፣ ዚፑ እስከ ወለል፤
ጥግ የቆመ ማሽን “እምም... እምም...” ሲል
አየሩን ያሳሳል።
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር፣ አረንጓዴ ቁጥር፤
አቀበቱ አንድ ዚፕ፤ ድንጋይ የለው፣ ወይ ንስር።
እኔ ግርጌዋ ነኝ፣ ወለል ላይ አንጥፌ፤
“ደህና እደሪ” እላለሁ፣ ላስቲኩ ላይ መዳፌን ለጥፌ።

አሠልጣኟ ትያሊንግ በማለዳ ይመጣል፣
ጆሮዋን በመርፌ ወግቶ አንድ ጠብታ ይወስዳል፣
ታብሌቱን ይነካካል፣ ራሱን ይነቀንቃል።
“አየር ሲሳሳ ነው ደም የሚወፍረው” አለኝ፣
“ሒሳቡ ይኸው ነው።” ለእኔ ግን የገባኝ
ሌላው ሳሳ ነበር፦
ሌሊት፣ ጣቷ ላይ የተጣበቀው ቀይ መብራት
ዘጠና አንድ... ሰማንያ ዘጠኝ... ሰማንያ ስምንት...
ሲል እየቆጠርኩ ነው ዓይኔን ሳልከድን የሚነጋ።
ማን ሳሳ? አየሩ?
ወይስ እኔ፣ ከአልጋዋ ሥር እንደ ዘበኛ ስተጋ?

ልብሷንማ አታንሱብኝ! ጭኗ ላይ ለስላሳ፣
ቅልጥሟ ላይ ሻካራ፣ እንደ ቅርፊታም ዓሣ።
ነፋስ በሚነዳበት ዋሻ ውስጥ አቆሟት፣
ጭስ ለቀቁና የት እንደሚሰናከል አዩባት፣
“ክርንሽን” አሏት፣ “ሁለት ጣት ወደ ውስጥ።”
ሁለት ጣት! ለሁለት ጣት አንድ በጋ አለቀ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ።
አያቷ በዚሁ ቦይ፣ በረዶ በያዘ ዓመት፣
ሹራቡ ሥር ጋዜጣ ወትፎ ነበር አሉ የሚንሸራተትበት፤
(ያም ሳይንስ ነው፣ ነፋሱ ዜናውን አንብቦ ከተመለሰለት።)

በአርባ አንደኛው ሌሊት ማዕበል ተነሣ፣
መብራቱን ቆረጠው። ማሽኑ ትንፋሹን ረሳ።
ቀስ እያለ ሟሸሸ፣ ተራራው ተነፈሰ፤
ዚፕ ሰማሁ፤ አንድ እጅ በጨለማው ፊቴን ዳሰሰ።
ስልኬም ጮኸ ወዲያው፦ ጣቢያው ፓምፑ ቆሟል፣
ውሃው በየሰዓቱ በስንዝር ይጨምራል።
“ባትሪ እኔ እይዛለሁ” አለች፣
በፒጃማ፣ በቦቲ፣ ዝናቡ ውስጥ ተከተለች።
የቦዩ በር መዘውር ዝጎ አልዞር ቢለኝ
ባትሪውን ሰጠችኝ፣ ገፋ አደረገችኝ፣
በዋት፣ በልብ ምት፣ በደም ጠብታ የተለካ ጉልበቷን
አንዴ ጫነችበት። በሩ ጮኾ ተከፈተ።
ማንም አልለካው ያን።

የናፍጣው ሞተር ተነሣ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት።
ቤት ገባን፤ እርጥብ እግር፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት፤
ከድንኳኑ ውጭ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ከባሕር በታች፣
ወፍራሙን አየር እየሳበች
አንኮራፋች።

ሄረንፌን፣ ሦስት ሺህ ሜትር። ሦስተኛ ወጣች፤
የራሷን ሰዓት በአንድ ሰከንድ ከሰባት አሻሻለች።
ትያሊንግ ሰከንዱን እንደ ውርስ ቆራረሰው፦
ይሄን ለድንኳኑ፣ ይሄን ለልብሱ፣
ይሄን ለሁለቱ ጣት፣ ይሄን ለጫማው ስለት...
ሲደምረው፣ ፍራውክዬ
ገና ሽጉጡ ሳይተኮስ መድረስ ነበረባት።
ሳቀ፤ እንደገና ደመረ። ጣቱ ሰንጠረዡ ላይ ሲወርድ
አንዲት ሳጥን ላይ ቆመ፦
አርባ አንደኛ ሌሊት፤ ነጭ፣ ባዶ።
“ይቺ ምንድን ናት?”
ፍራውክዬ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤
እኔን አላየችኝም።
“መብራት ጠፍቶ ነው” አለች።
እሱም ጻፈ፦
“መረጃ የለም።”