ያልወጣችው ፀሐይ

አባቴ አሞጽ ታይሰን ድንጋይ ሰንጣቂ ነበር፣
በሰሜን እንግሊዝ፣ በሐይቆቹ አገር።
መሮውን አስጠግቶ፣ ጆሮውን ደግኖ፣
ድንጋዩን ይጠይቃል እንደ ሐኪም ሆኖ፤
"የት ጋ ነው የሚያምህ? በየት በኩል ልክፈት?"
ገጽ በገጽ ይገለጣል ድንጋዩም ያለ ጩኸት።

ሃያ ስምንት ዓመት ከተራራው ሆድ ውስጥ፣
ለማያውቃቸው ጣራዎች ሲሰነጥቅ ሲፈልጥ፣
ትቢያው ነው መሰለኝ ዓይኑን የጋረደው፣
ወይ የባሩዱ ጢስ፤ ሐኪምም አላየው።
ባንድ የበረዶ ወራት አለቀ። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ፣
ቀጥሎ የማንኪያው ጠርዝ፣ ከዚያ የደጁ ግድግዳ፣
በመጨረሻም የኔ ፊት፤
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ብርዱ ሳያልፍ፣ በየካቲት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእጁ ይዤ አወጣዋለሁ፣
"ዛሬስ?" ይለኛል አጥሩን ተደግፎ፤ እነግረዋለሁ፤
የሐይቁን ፊት፣ ነፋስ ዳብሶት ሲሸበሸብ፣
የጭልፊቱን ክንፍ፣ ገደሉ አናት ላይ ሳይርገበገብ
ቀጥ ብሎ፣
በማይታይ ምስማር ከሰማዩ ተሰቅሎ፤
በበጎቹ ጀርባ ላይ የጤዛውን ብልጭታ፣
ተራራው ዝገት ሲለብስ በጥቅምት ማታ።

ስም የሌለው ቀለም ሲያጋጥመኝ ምላሴ ይያዛል፤
"እንዴት ያለ አረንጓዴ?" ብሎ ያጣድፈኛል።
"እንደ ጠርሙስ?" "የለም።" "እንደ ጎመን?" "እሱም አይደለ።"
"እንግዲያ ቃሉን ፈልጊ፤ የሆነ ቦታ አለ።"
እፈልጋለሁ። አንዳንዴ እጄ ይገባል፤
አንዳንዴም የወንዝ ዓሣ ነው፤ አዳልጦኝ ያልፋል።

አንድ በጋ ባለ ደብተር ሰው መጣ ከደቡብ ከተማ፣
ስለ ተራራችን ሊቀኝ፤ ጭቃ ያለመደ ጫማ።
"ውበት ለቆሰለ ልብ መድኃኒት ነው" ቢለው ላባቴ፣
"በቀን ስንት ጊዜ ይዋጣል?" አለው። ሳቅኩኝ፣ ከነሐፍረቴ።
እንግዳው አልሳቀም፤
ጻፈው።

በኅዳር ጭጋግ ወረደ፤ ዘጠኝ ቀን ዘጠኝ ሌሊት፤
የለም ሐይቅ፣ የለም ሰማይ፣ የለችም አንዲት በጊት።
እናቴን የቀበርንበት ሳምንት ነው። ዳቦው አልቋል።
"ዛሬስ?" አለኝ አባቴ፤ ድምፁ ደቋል።

ምን ልበል? "ባዶ ነው" ልበል? አልቻልኩም፤ ዋሸሁ።
"ፀሐይ ወጣች" አልኩት፣ ነጩን ጭጋግ እያየሁ፤
"ከሐይቁ ማዶ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ እንደ ቅቤ ቀልጣለች፣
ወርዳ ወርዳ የእማዬን የልብስ ገመድ ነክታለች፤
አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች ከገመዱ፤ አልወደቀችም፤
በውስጧ ተራራው ተገልብጦ ቆሟል፤ ከብዷት አልተሰበረችም።"

ዝም አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ወደ ላይ ዘረጋ፣
እሳት እንደሚሞቅ ሰው፤ ግንባሩም ቀስ ብሎ ረጋ።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ሊሞት ሲል፣ አንድ ማታ፣
"ዲና" አለኝ፣ "ያን ቀን እኮ ጭጋግ ነበር" በእርጋታ።
"ጭጋግ ይሸታል፤ የረጠበ ሱፍ፣ የቀዘቀዘ ብረት፤
የበጎቹም ድምፅ ይርቃል። አውቄያለሁ ከዚያች ቅጽበት።
ያችን ጠብታ ግን" አለ፣ "እሷን አልዋሸሽም፤
ያላየ ሰው እንዲያ አይልም።"

እውነቱን ነው። ሰባት ዓመቴ፣ ዝናብ ያባራ ለታ፣
እማዬ ገመዱን ስትጠርግ፣ "አንዷን ተዪያት፣ ላንድ አፍታ"
አልኳት። ተወቻት።
እጇ ላይ ጨርቁን እንደያዘች፣ እሷም ጎንበስ ብላ አየቻት።

የባለ ደብተሩ ሰው መጽሐፍ ኬንዳል ደረሰ አሉኝ፤
ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቄሱ ጠርተው አነበቡልኝ።
ተራራው አለ። ሐይቁ አለ። የአባቴም ቀልድ አለበት፣
ስሙ ግን የለም፤ "አንድ ዕውር ሽማግሌ" ነው የተባለበት።
ያምራል። እውነት ያምራል፤ እንባዬን በሻርፔ ጠረግሁ።
"የልብስ ገመድ ግን የለውም" ብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል።